ያለፈው ዓመት ፋይል፦ በኦዲት ሙያ እየሠሩ ስለመማር

(ለአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተመራቂዎች፣

እንድናገር የተጠየቅሁት ኦዲት ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ እየሠሩ መማር ምን እንደሚመስል ነው። ስለ ደመወዝና ስለ ዕድገት የሚነግራችሁ ሰው ስለማይጠፋ እኔ ያንን ትቼ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ጠረጴዛችሁ ላይ ስለሚቀመጥ አንድ ነገር ልናገር መርጫለሁ፤ እርሱም ያለፈው ዓመት ፋይል ነው። ወፍራም ቦክስ ፋይል ሊሆን ይችላል፣ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ፎልደርም ሊሆን ይችላል። ሲኒየራችሁ፣ ማለትም ሥራችሁን የሚከታተለው ነባር ኦዲተር፣ «ይህንን እያያችሁ ሥሩ» ብሎ ይሰጣችሁና እርሱ ወደ ሌላ ደንበኛ ይሄዳል። አምና እናንተ በተቀመጣችሁበት ወንበር የነበረው ጀማሪ ምን እንደመረመረ፣ የትኛውን ቫውቸር እንደመረጠ፣ ምን ምልክት እንዳደረገበትና ምን ብሎ እንደደመደመ ፋይሉ ውስጥ ሁሉም አለ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያላያችሁትን የኦዲት መልክ በአንድ ከሰዓት በኋላ የምታዩት እዚያ ነው። መስነፍ የምትጀምሩትም እዚያው ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት የአንድ መካከለኛ የንግድ ድርጅት የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ እንድመረምር ተሰጠኝ። ይህ ሥራ ለጀማሪ የሚሰጠው ቀላል ነው ተብሎ ነው፤ ሌጀሩ፣ ማለትም የድርጅቱ የራሱ የሂሳብ መዝገብ፣ አንድ ቀሪ ሂሳብ ያሳያል፣ የባንኩ ስቴትመንት ሌላ ያሳያል፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ተጽፈው ገና ባልተመነዘሩ ቼኮችና ባንኩ ዘግይቶ በመዘገባቸው ገቢዎች ይብራራል። ያለፈውን ዓመት የሥራ ወረቀት ከፈትሁ፣ ቅጹን ገለበጥሁ፣ ቁጥሮቹን በአዲስ ተካሁ፣ ድምሩ ሲገጥምልኝ «ያልተብራራ ልዩነት የለም» ብዬ ፈረምሁ። ሲኒየሬ ወረቀቱን አገላብጣ ካየች በኋላ አንዱን መስመር በእርሳስ አክብባ «ይህ ቼክ የማን ነው?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ካልተመነዘሩት ቼኮች አንዱ የተጻፈው ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በፊት ነበር። ቼክ ከተጻፈ ስድስት ወር ካለፈው ባንክ እንደማይከፍልበት ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ ቢመጣ ሳላቅማማ እመልሰው ነበር። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ፊቴ ሲቀመጥ ግን አላየሁትም፤ ምክንያቱም የአምናውም የካቻምናውም ፋይል «ያልተመነዘረ ቼክ» ብሎ አልፎት ነበር።

ጉዳዩን ማጣራት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ቼኩ ራሱ በመጨረሻ ከደንበኛው ካዝና ውስጥ፣ ከጉርዱ ጋር በስቴፕለር እንደተያያዘ ተገኘ። የተከፋዩ ስም ተሳስቶ ስለተጻፈ ተሰርዞ በሌላ ቼክ ተተክቷል፤ ሁለተኛው ሲመዘገብ ግን የመጀመሪያው ከመዝገብ አልተነሳም። ስለዚህ አንድ ወጪ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ፣ የባንክ ሂሳቡም በዚያው ልክ ጎድሎ እየታየ ኖሯል። የሰረቀ ሰው አልነበረም፣ ገንዘቡም ያን ያህል ትልቅ አልነበረም። እኔን የከበደኝ ሦስት ጀማሪዎች፣ ሦስተኛው እኔ ሆኜ፣ ያንን መስመር በዓይናችን አይተን፣ የተመረመረ መሆኑን የሚያሳየውን ቲክ ማርክ አድርገንበት ማለፋችን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቢሯችን እንዲህ ያለውን ሥራ «እንዳምናው» ብለን መጥራት ጀመርን፤ አንድ የሥራ ወረቀት ተመልሶ ሲመጣ ጥጉ ላይ «እንዳምናው ነው» ተብሎ ከተጻፈበት ባለቤቱ ሌላ ማብራሪያ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልለፍ። አዲስ አበባ ውስጥ ኦዲት ድርጅት የሚገባ ብዙ ተመራቂ ከሥራው ጎን ለጎን የኤሲሲኤ ትምህርት ይጀምራል። ኤሲሲኤ በ1904 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተመሠረተ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ሲሆን፣ ብዙዎቻችን ባለፍንበት ሥርዓት 13 ፈተናዎች አሉት፤ የማለፊያ ነጥቡ 50 ነው፤ እንደ ዲግሪው ዓይነት ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች ከአንዳንዶቹ ነፃ መሆን ይቻላል። ወጣቶች ሲመዘገቡ የፈተናውን ብዛት ይቆጥራሉ እንጂ ሌላውን መስፈርት ልብ አይሉትም። ፈተናዎቹን በሙሉ ያለፈ ሰው የ36 ወር የሥራ ልምድ በኃላፊው አረጋግጦ ካላቀረበ የማኅበሩ አባል አይሆንም። በእኔ አስተያየት ከፈተናዎቹ ሁሉ የሚከብደው ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም 36 ወር መቀመጥና 36 ወር መሥራት በወረቀት ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው።

እየሠሩ መማር ለዚህ ሙያ አዲስ ነገር አይደለም። የኤዲንብራ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር በ1854፣ የእንግሊዝና የዌልስ ተቋም ደግሞ በ1880 እ.ኤ.አ. የንጉሣዊ ቻርተር ባገኙበት ዘመን፣ ወደ ሙያው የሚገባ ወጣት በውል ታስሮ ለዓመታት በአንድ ባለሙያ ሥር ይሠራ ነበር። ብዙውን ጊዜ ከፋዩ አሠሪው ሳይሆን የልጁ ቤተሰብ ነበር፤ የዛሬው ጀማሪ ደመወዙ አነሰ ብሎ ሲያማርር ይህንን ባነሳበት ደስ እንደማይለው አውቃለሁ። ለእኛ አገር ሰው ነገሩ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የቆሎ ተማሪ የየኔታን ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ፣ ትምህርቱን በጆሮው ሲቀበል ኖሯል። «ኦዲት» የሚለው ቃል ራሱ ከላቲን «መስማት» የመጣ ነው፤ ጥንት ሂሳብ የሚመረመረው መዝገቡ ጮክ ተብሎ ሲነበብ በማዳመጥ ስለነበር ነው።

ሥራውና ትምህርቱ ግን መጀመሪያ ላይ የሚተዋወቁ አይመስሉም። ቀን መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሳችሁ ከረጢት ስትቆጥሩ ትውላላችሁ፤ ማታ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ዓለም አቀፍ የኦዲት ስታንዳርድ ቁጥር 501 ታነባላችሁ። የዕቃ ቆጠራን በአካል ተገኝቶ ስለመከታተል የሚናገረው ይህ ስታንዳርድ መሆኑን፣ ቀን የሠራችሁት እርሱን መሆኑን የሚነግራችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። እኔ ነገሩ የገባኝ አንድ የቆየ ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ማኬሰን ኤንድ ሮቢንስ የተባለ ትልቅ የመድኃኒት አከፋፋይ ከመዘገበው 87 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሀብት ውስጥ 19 ሚሊዮን ያህሉ በዓለም ላይ የሌለ ሆኖ ተገኘ። የሌለ ዕቃ በሌሉ መጋዘኖች ተመዝግቦ፣ ለሌሉ ደንበኞች ተሽጦ፣ ተሰብሳቢ ሂሳብ ሆኖ ተቀምጧል። የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ቀድሞ በማጭበርበር ተፈርዶበት ስሙን የለወጠ ሰው ነበር። ኦዲተሮቹ ወረቀቱን መርምረዋል፤ ወረቀቱም እርስ በርሱ ይገጥም ነበር። መጋዘን ሄዶ ዕቃውን ማየትም፣ ለተበዳሪ ደንበኛ ደብዳቤ ጽፎ መጠየቅም በዚያን ጊዜ የግድ አልነበረም። ሁለቱም ግዴታ የሆኑት በማግስቱ ዓመት፣ በ1939 ነው። እንግዲህ ጀማሪ ስለሆናችሁ ብቻ የተጣለባችሁ የሚመስሉት ሁለት ሥራዎች፣ ቆጠራውና ደብዳቤ ማመላለሱ፣ የመጡት ከዚያ ነው።

ቆጠራው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰኔ 30 ቀን፣ አገሩ ሁሉ በጀት በሚዘጋበት ዕለት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው መጋዘን ውስጥ የምትገኙት እናንተ ናችሁ፤ ሲኒየራችሁ ምናልባት በስልክ ብቻ ነው የምታገኙት። ቆጠራ ሁለት አቅጣጫ አለው። ከዝርዝሩ ላይ አንድ ዕቃ መርጣችሁ መደርደሪያው ላይ ስትፈልጉት የተመዘገበው ዕቃ በእርግጥ መኖሩን ታረጋግጣላችሁ፤ ከመደርደሪያው አንድ ዕቃ አንስታችሁ ዝርዝሩ ላይ ስትፈልጉት ደግሞ ያለው ሁሉ መመዝገቡን ታረጋግጣላችሁ። በመጀመሪያው አቅጣጫ ብቻ የሄደ ጀማሪ ግማሹን ሥራ ነው የሠራው፤ ፋይሉ ላይ ግን ሁለቱም «ቆጠራ ተከናውኗል» ተብለው ነው የሚጻፉት። ካርቶኑን አስከፍቱት። ከረጢቱ ክምር ላይ የፊቱን ረድፍ ብቻ ቆጥራችሁ በኋላው አታባዙት፤ መካከሉ ባዶ ሊሆን ይችላል። ግምጃ ቤቱ የመንግሥት ከሆነ በዕለቱ የተቆረጠውን የመጨረሻውን ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ቁጥር፣ የግል ከሆነም የመጨረሻውን የዕቃ መረከቢያና ማውጫ ሰነድ ቁጥር መዝግባችሁ ውሰዱ፤ ከወር በኋላ «ይህ ዕቃ የገባው ከቆጠራው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ የምትመልሱት በዚያ ቁጥር ነው። ያለፈው ዓመት ፋይል ይህንን ሊሰጣችሁ አይችልም፤ በዕለቱ እዚያ ከነበረ ሰው ማስታወሻ በቀር የትም አይገኝም።

ስለ ደብዳቤው ደግሞ ጥቂት ልበል። የደንበኛውን ቀሪ ሂሳብ ለማረጋገጥ ለባንክ የሚላከውን ደብዳቤ ደንበኛው ይፈርምበታል፤ ልካችሁ መልሱን የምትቀበሉት ግን እናንተ ናችሁ። የደንበኛው ሂሳብ ሹም በቀና ልብ «ዛሬ ባንክ እሄዳለሁ፣ ስጡኝ እኔው ላድርሰው» ሊላችሁ ይችላል። ጎዳናው ጭቃ ነው፣ ታክሲው ሰልፍ ነው፣ ሰውየው ደግ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ፓርማላት የተባለው የጣሊያን የወተት ኩባንያ ሲንኮታኮት፣ ወደ 4 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ባንክ ኦፍ አሜሪካ ውስጥ እንዳለው የሚያረጋግጠው ደብዳቤ የተጭበረበረ ሆኖ ተገኝቷል። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ነበር፤ ከየት መጣ የሚለው ነው የቀረው። ስለዚህ ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ራሳችሁ ሂዱ።

እዚህ ላይ የእንግሊዝኛው መጽሐፍ የማያስተምራችሁን አንድ ነገር ልጨምር። የሂሳብ ዓመቱን ድንበር ስትመረምሩ፣ ማለትም የሰኔው ሽያጭ በሰኔ፣ የሐምሌው በሐምሌ መመዝገቡን ስታጣሩ፣ ሁለት የቀን አቆጣጠር በአንድ ቦክስ ፋይል ውስጥ ተቀላቅሎ ታገኛላችሁ። ደረሰኙ በእኛ አቆጣጠር ይቆረጣል፤ የአስመጪው ኢንቮይስ በፈረንጅ ይመጣል፤ ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የሚመዘግበው ሠራተኛ ሐምሌን «ጁላይ» ብሎ ያስገባል። ጁላይ 2 ሰኔ 25 ነው፣ የተዘጋው ዓመት ውስጥ ይገባል፤ ሐምሌ 2 ግን ጁላይ 9 ነው፣ አዲሱ ዓመት ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ሳምንት ዓመቱን ይለውጣል። አንዲት ጀማሪ ባልደረባችን በዚህ ምክንያት ብቻ በተሳሳተ ዓመት የተመዘገቡ የሽያጭ ደረሰኞችን በተርታ አግኝታለች፤ የተጠቀመችበት ዘዴ ኪሷ ውስጥ የያዘችው የግድግዳ ካሌንደር ቅዳጅ ነበር። ፈታኞቹ ለንደን ውስጥ ስለተቀመጡ ይህ ጥያቄ ሆኖ አይመጣላችሁም፤ «ከት ኦፍ» የሚባለው ምዕራፍ የተጻፈው ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ይሉኝታ ነው፤ ስለዚህ ሳልቸኩል ልናገረው። የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ናችሁ። ፊታችሁ የተቀመጠው ሂሳብ ሹም ሠላሳ ዓመት የሠራ፣ እናንተን «የኔ ልጅ» ብሎ የሚጠራ፣ ቡና ያስመጣላችሁ ጋሼ ነው። የ80 ሺህ ብር ክፍያ ደረሰኝ አልተያያዘበትም። «ጋሼ፣ ይህ ደረሰኝ የለውም» ስትሏቸው «አለ፣ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው፣ አገኘዋለሁ» ይሏችኋል። በሦስተኛው ቀን እንደገና መጠየቅ ማፈር ነው። ያን ጊዜ ያለፈውን ዓመት ፋይል ትከፍታላችሁ፤ ተመሳሳይ ክፍያ አለ፣ ጀማሪው «ከኃላፊው ጋር ተወያይተን በቂ ማብራሪያ አግኝተናል» ብሎ ጽፏል። ይህ ዓረፍተ ነገር በኦዲት ፋይሎች ውስጥ ከማውቃቸው ሁሉ እጅግ ምቹው ነው። ማብራሪያ ግን ማስረጃን ለመፈለግ መነሻ ይሆናል እንጂ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ ስታንዳርዱም የሚለው ይኸንኑ ነው። ሙያዊ ጥርጣሬ ስንል ሰውን ሌባ ነው ብሎ መነሣት ማለታችን አይደለም። ጋሼን እያከበራችሁ፣ ከመቀመጫችሁ ተነሥታችሁ እየተቀበላችኋቸው፣ ጥያቄውን ሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ ትችላላችሁ። እኔ ያገኘሁት ዘዴ ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ፣ ቀን አስገብቼበት መስጠት ነው፤ ወረቀቱ ሲጠይቅ ሰው አይቀየምም፣ መልስ ያልተሰጠው መስመርም ራሱን ያሳያል። ደረሰኙ ካልመጣ ካልመጣ ነው፤ «አልቀረበልንም» ብላችሁ ጽፋችሁ ለሲኒየራችሁ አስረክቡ። ከዚያ በኋላ ያለው ውሳኔ የእናንተ ሳይሆን የሚፈርመው ሰው ነው፤ መደበቅ ግን የእናንተ ጥፋት ይሆናል።

«ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የምትሉበት ጊዜ ይመጣል። ማቴሪያሊቲ የምንለው የመግለጫውን አንባቢ ውሳኔ ሊያስለውጥ የሚችለው የስህተት መጠን ነው፤ በልምድ ብዙ ድርጅቶች ከታክስ በፊት ካለው ትርፍ 5 በመቶውን መነሻ ያደርጋሉ። ትርፉ 40 ሚሊዮን ብር ከሆነ መነሻው 2 ሚሊዮን ነው ማለት ነው። ይህንን ያነበበ ጀማሪ የ80 ሺህ ብሩን ክፍያ በደስታ ያልፈዋል። ነገር ግን መጠኑን የሚያወጡት ሪፖርቱን የሚፈርመው ፓርትነርና ማናጀሩ ናቸው፣ ጀማሪው ለናሙና ያየው ደግሞ ከብዙ ክፍያዎች ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የ80 ሺህ ብሩ ክፍያ ለኃላፊው ዘመድ የሄደ ከሆነም ትንሽነቱ አያድነውም። ስለዚህ ያገኛችሁትን ጻፉ፤ ትልቅ ነው ትንሽ ነው የሚለው ከእናንተ በላይ ላለው ይተው።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፤ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ ሙያው የሚመራው በኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። በጀማሪነት የምትጽፉት ወረቀት ዋጋ ያለው ከቢሯችሁ ሲኒየር በላይ ላለ አንባቢም መሆኑን አስቡ፤ ከጊዜ በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው እናንተን ጠርቶ ሊጠይቃችሁ አይችልም፣ ያለው የጻፋችሁት ብቻ ነው።

ጊዜን በተመለከተ አልደብቃችሁም። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ግብሩን የሚያሳውቀው ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 በመሆኑ፣ ደንበኛው ሁሉ ኦዲቱ እንዲያልቅለት የሚፈልገው ከጥቅምት 30 በፊት ነው። የኤሲሲኤ የዲሴምበር ፈተና ደግሞ በኅዳር አራተኛ ሳምንት ገደማ ይውላል። በሁለቱ መካከል ያለው ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ብቻ አጥንተን እናልፋለን ካላችሁ፣ እኔም እንደ እናንተ ብዬ አንድ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ያለፍሁት ዘዴዬን ስለውጥ ነው፤ በሥራው ወቅት ማታ ማታ አንድ ገጽ እንኳ ማንበብ ሲያቅተኝ፣ ቀን ከሠራሁት ሥራ አንዱን ብቻ መርጬ የሚመለከተውን የስታንዳርድ አንቀጽ አነብ ጀመር። የባንክ ደብዳቤ ባደረስሁ ዕለት ቁጥር 505ን፣ የሥራ ወረቀቴ ታርሞ በተመለሰ ዕለት ቁጥር 230ን አነብ ነበር። ኅዳር ሲደርስ ግማሹ ተነቧል፤ ፈተናው ላይ የተሰጠው ምናባዊ ድርጅትም ከማውቀው መጋዘን ጋር ይመሳሰልብኝ ነበር። ፈተናውን ቀድመው ጨርሰው ሥራው ላይ የሚደናገሩ ልጆች አይቻለሁ፤ ሥራውን ጥርት አድርገው እየሠሩ ፈተናውን በየዓመቱ የሚያስተላልፉም አሉ። ለእነዚህ ለኋለኞቹ ቀጣሪዎች ልናስብላቸው ይገባል፤ ፈተና በደረሰበት ሳምንት ልጅን ክፍለ ሀገር ለመስክ ሥራ መላክ የሥራ ብዛት ሳይሆን የዕቅድ ጉድለት ነው፣ እኔም ማናጀር ከሆንሁ በኋላ ከአንድ ጊዜ በላይ አድርጌዋለሁ።

በመጨረሻ በቢሯችን ስለጀመርነው አንድ ልማድ ልንገራችሁ። አዲስ ጀማሪ ሲመጣ ያለፈውን ዓመት ፋይል እንሰጠዋለን፤ ከእያንዳንዱ ክፍል ግን የማጠቃለያውን ገጽ፣ «ውጤት» እና «መደምደሚያ» የተጻፈበትን፣ አስቀድመን እናወጣዋለን። ምን እንደተሠራ ያያል፣ ምን ተብሎ እንደተደመደመ ግን አያይም፤ የራሱን ከጻፈ በኋላ ነው ሁለቱን የምናስተያየው። አብዛኞቹ ነገሩን ሳያስተውሉ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንዳንዶቹ ግን በመጀመሪያው ቀን ፋይሉን ይዘው ይመጡና የገጽ ቁጥሩ ከ14 ወደ 16 እንደሚዘል ያሳዩኛል። እነሱን ቁጭ አድርጌ ገጽ 15ን ከመሳቢያዬ አወጣላቸዋለሁ፤ የዚያ ዓመት የመጀመሪያው ግኝት ባለቤቶች ናቸውና።